ሁለት ነጥብ በማጥፋት ስለተዘጋው በር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በጥሩ እንቅልፍ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ፤ እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ። እንደሚያውቁት በመምሪያዎ ሥር ፕሮግራም የምጠግን ሠራተኛ ነኝ። እንደማያውቁት ደግሞ እናቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተኝታለች፤ የልብ መድኃኒቷን ጠብታ በጠብታ የሚሰጣት ማሽን መጠኑን የሚያነበው እኛ ከምንጠብቀው ሰርቨር ነው። አቤቱታዬን በሚወዱት አቀራረብ፣ በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩. የፕሮግራሞቻችንን አሮጌና አዲስ ቅጂ የሚይዘው ሶፍትዌር ከውጭ የሚላክለትን ፋይል ለእንግዳ በተለየው ማህደር ብቻ ማስቀመጥ ሲገባው፣ በፋይሉ ስም ላይ ሁለት ነጥብና አንድ ሰያፍ መስመር (../) የጨመረ ማንም ሰው ከማህደሩ ወጥቶ የፈለገውን ፋይል መለወጥ እንደሚችል ሳመለክትዎ ስላልተቆጡኝ አመሰግናለሁ። የመድኃኒቱ መጠን የተጻፈበት ማህደር የዚያው ጎረቤት ነው።

፪. ጥገናውን በገዛ እጅዎ ስለሠሩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፕሮግራሙ ያንን ምልክት ባገኘ ጊዜ እንዲያጠፋው አዘዙት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ነጥቦቹንና መስመሩን እጥፍ አድርጎ (....//) ለጻፈ ሰው ግን መሃሉ ሲጠፋ ዳርና ዳሩ ተገጣጥሞ ያንኑ የተከለከለ ምልክት ይሠራለታል። ሞከርኩት፤ ገባሁ።

፫. ትክክለኛው ጥገና ፋይሉ በመጨረሻ የሚያርፍበትን ቦታ አይቶ፣ ከእንግዳው ማህደር ውጭ ከሆነ እምቢ ማለት ነው። ይህንኑ ሠርቼ አቀረብኩ። በመምሪያችን ልማድ ኃላፊ ፈርሞ የዘጋውን ጉዳይ መልሶ መክፈት ኃላፊውን መድፈር ስለሆነ፣ ሥራዬን ሳያነቡ በመመለስዎ ክብርዎ ተጠብቆልናል። «ተዘግቷል» የሚለው አረንጓዴ ምልክትዎም በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እጅግ ያምራል።

፬. ፈርቻለሁ። ለዚህ የአክብሮት ቃል አላገኘሁለትም። ከሥራ ስወጣ ወደ ሁለተኛ ፎቅ እወርድና ዓይኔን ከጠብታው ሳልነቅል እቀመጣለሁ፤ እናቴ ምን ሆንሽ ስትለኝ ድካም ነው እላታለሁ። ጠብታው የፈጠነ በመሰለኝ ቁጥር ነርስ ስለምጠራ ነርሶቹ ዘበኛዋ የሚል ስም አውጥተውልኛል። መድኃኒቷ በእጅ ይሰጣት ብዬ ለምኜ ነበር፤ ለዚያ የሚበቃ ነርስ የለም፣ ማሽኑም አስተማማኝ መሆኑን የቴክኖሎጂ መምሪያው አረጋግጧል ተባልኩ።

ለዚህ ማረጋገጫዎ እኔም እናቴም ያለብንን ውለታ በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም።

ውሳኔዎን እጅ ነስቼ፣ አንድ ዓይኔን ማሽኑ ላይ አድርጌ የምጠባበቅ፣

ታዛዥዎ፣ የአራተኛ ፎቅ ፕሮግራም ጠጋኝ፣ የሁለተኛ ፎቅ ዘበኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጉዳዩን ፈርመው ከዘጉ በኋላ ለቀዶ ሕክምና እዚሁ ተኝተው ሳሉ፣ መድኃኒትዎ በማሽኑ እንዳይሰጥዎ፣ ነርስ በእጇ እየለካች እንድትሰጥዎ አጥብቀው እንዳሳሰቡና እንደተፈቀደልዎ ከነርሶቹ አንዷ እየሳቀች አጫወተችኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ እያልኩ እጽናና ነበር።