አኻያውን በባንዲራ የሸፈኑት ወይዘሮ ታምዘን

ወይዘሮ ታምዘን ፕለመር ቦርድማን ከአባታቸው ከመርከብ ሠሪው ከአቶ ሞሰስ ፕለመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጁዲት ኢልስሊ፣ በማሳቹሴትስ፣ በኒውበሪፖርት ከተማ፣ በመጋቢት ወር 1793 ተወለዱ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከወይዘሪት ሩሃማ ቶፓን ትምህርት ቤት ገብተው ንባብ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና የሐር ጥልፍ ተማሩ። የከተማችን ሰው እንደሚያውቀው፣ ሴት ልጅ ትምህርቷን ስትጨርስ አንድ የሐር ሥዕል ትጠልፍና ቤተሰቧ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። በሥዕሉ ነፃነት በሴት ተመስላ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ የአርነት ምልክት የሆነውን ቀይ ቆብ በዘንግ ሰቅላ ትቆማለች፤ የአገራችን ምልክት ንስሩም ከጎኗ ነው። ፊቷን ብቻ ሠዓሊ ይቀባዋል።

በ1807 ታላቅ ወንድማቸው ሲላስ፣ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት መርከበኛ ሳሉ፣ እንግሊዞች ከንግድ መርከብ ላይ በጉልበት አውርደው ለጦር መርከባቸው ወሰዷቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ መርከበኛ "ሲላስ በቢጫ ወባ ሞቷል" የሚል ወሬ ይዞ መጣ።

ወይዘሮ ጁዲት ጥቁር ለበሱ። የታምዘንም ሥዕል የሐዘን ሥዕል እንዲሆን አዘዙ፤ ነፃነት በመቃብር ሐውልት ላይ ተደፍታ ታልቅስ፣ ንስሩ አንገቱን ይድፋ፣ የሐዘን ምልክት የሆነው አኻያ ዛፍ ያጥላበት፣ በሐውልቱ ላይ የሲላስ ስም ይጻፍ አሉ። ልጄ ለአገሩ ነው የሞተው ባይ ነበሩ። አክስቴ ታምዘንም እንባቸውን እየጠረጉ አኻያውን ጠልፈው ጨረሱ። ወደ ስሙ ሲደርሱ ግን እጃቸው እምቢ አለ። ብድግ ብለው ወደ ወደቡ ወረዱና ያን መርከበኛ "ሲቀበር አይተኸዋል?" ሲሉ ጠየቁት።

"ኧረ እኔስ አላየሁም፣ እህቴ! ወደ ሐኪም ቤት ሲሸከሙት ነው ያየሁት። ከዚያ ማን ይመለሳል ብዬ ነው።"

ቤት ተመልሰው "እማዬ፣ ወንድሜን በገዛ መርፌዬ አልቀብረውም" አሉ። ወይዘሮ ጁዲት "አንቺ ልጅ፣ አልቅሼ እንዳይወጣልኝ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ደጅ ደጁን እያየሁ ልሙት?" ብለው ጮኹባቸው። እሳቸውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ልጅ የቀረባት እናት ናት የምታውቀው።

ወይዘሪት ሩሃማ በበኩላቸው "ሐር የተወጋውን አይረሳም፤ አኻያውን ብትፈቺው ቀዳዳው ይቀራል" አሏቸው። እንግዲያው አክስቴ ግንዱን የባንዲራ ዘንግ አደረጉት፤ በተንዠረገጉት ቅርንጫፎች ላይም ባንዲራ ዘረጉባቸው። ሐውልቱ ገና በእርሳስ ብቻ የተነደፈ ስለነበር የወደብ ድንጋይ ሆነ። ሠዓሊውን ለምነው የነፃነትን ዓይን ወደ ባሕሩ አስዞሩት። ቅጠሉ ግን በባንዲራው ጫፍ ብቅ ብቅ ማለቱ አልቀረም። ሥዕሎቹ ለወላጆች በታዩ ቀን አንዱ "ባንዲራችን አቆጠቆጠ እንዴ?" ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀ። አክስቴም "ታዲያ ከሚደርቅ አይሻልም?" አሉት። እናታቸው ሥዕሉን ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት፤ ክረምቱንም ሙሉ ከልጃቸው ጋር በቅጡ አልተነጋገሩም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት አለፈ። ከእንግሊዝ ጋር ጦርነቱ መጣ፣ ሄደ። መርከብ በገባ ቁጥር አክስቴ ወደ ወደቡ መውረዳቸውን አልተዉም። የሚያዝንላቸውም፣ "ለየላት" የሚላቸውም ነበር። በ1815 በጋ፣ ከወባው ድነው፣ አገሬን አልወጋም ብለው በእንግሊዝ እስር ቤት የከረሙት ሲላስ ፕለመር፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ፣ በሩን አንኳኩ። እግዚአብሔር ይመስገን! እኚህ ሰው እኔን ጸሐፊዋን የወለዱ አባቴ ናቸው። አያቴ ወይዘሮ ጁዲት ጥቁሩን ልብስ አወለቁ፤ ሥዕሉንም በገዛ እጃቸው ከሳጥን አውጥተው ሰቀሉት። አባቴ ቀና ብለው አዩና "ይህቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው እንዲህ የተቆጣችው? ቁርጥ እማዬን!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ ይባላል።

አክስቴ በ1817 በርሜል ሠሪውን አቶ ናታን ቦርድማንን አግብተው ፊቢንና ሉሲንዳን ወለዱ። ለሠላሳ ዓመት ያህልም የመርከበኞችን ሴት ልጆች ጥልፍ አስተማሩ። የሐዘን ሥዕል እሠራለሁ ብላ ለመጣች ተማሪ "ሲቀበር ማን አየ?" ሳይሉ ሐውልት አይነድፉላትም ነበር። ባለቤታቸው በ1851 ሲያርፉ ግን በዓይናቸው አይተው ስላስቀበሩ፣ ስማቸውን ሳያመነቱ ጠለፉላቸው።

ካለፈው መኸር ጀምሮ ደረታቸውን ሲያማቸው ቆይቶ፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 10 ቀን 1866፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ በልጆቻቸው መካከል ዐረፉ። ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተውልናል። እሳቸውን ተስፋ ያላሳጣ አምላክ ነፍሳቸውን በቤቱ ይቀበልልን፤ እኛንም ያጽናን።

አልቀብረውም ያሉት ወንድማቸው ዛሬ በከዘራ ተደግፈው እሳቸውን ሊቀብሩ መጥተዋል። ጠዋት የሬሳ ሣጥኑ ሳይዘጋ ጎንበስ ብለው "ታምዚ፣ አሁንም ጠብቂኝ፤ እመጣለሁ" አሏቸው።