እልልታ እንጂ ለቅሶ አልነበረም

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር

ልጄ የውብዳር፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። አስቀድሜ፣ ጎረቤቴ ኑሪያ የነገረችሽ ሐሰት ነው፤ ልታሳትሚው አስበሽ የላክሽልኝን ልብ ወለድ አልቀደድኩትም። በቀይ እርሳስ አረምኩት እንጂ።

ሙቀቱ በርትቷል። መብራት ሄዶ ማራገቢያው ሲቆም እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ምዕራፍ ሁለትን ደግሜ አነባለሁ። አያትሽ ድሬዳዋ ላይ ለፈረንሳይ መነኮሳት ትምህርት ቤት ስታስረክበኝ «ጮኸች» ብለሽ በፈረንሳይኛ ጽፈሻል። ወግን ወዲያ፣ ሥልጣኔን ወዲህ አሰልፈሽ እሷን ልጇን የተቀማች አደረግሻት። ልጄ፣ አያትሽ እኮ እልል ነው ያለችው! ለምና ያስገባችኝ እሷ ናት። መነኩሲቷም እንዳንቺ ለቅሶ መስሏት፣ ደንግጣ በሩን ዘጋችብን። እናቴ «ምነው፣ ሰው ደስ ሲለው አይታ አታውቅም?» ብላ ሳቀች፤ በተዘጋው በር ላይ እልልታዋን ደገመችው።

ይህን ለኑሪያ ብነግራት «እማማ፣ ፈረንሳይኛ ለጩኸት ያለው ቃል አንድ ብቻ ከሆነ ልጅቷ ምን ታድርግ?» አለችኝ። ትፈልግ አልኳት።

ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ። እባክሽ ሳይታተም አስተካክዪልኝ፤ ከታተመ እናቴ አልቃሽ ሆና መቅረቷ ነው። አምላክ ብዕርሽን ያቅናልሽ።

ደብዳቤዬ ይደርስሻል በምለው ቀን በመጀመሪያ ጸሎቴን አደርሳለሁ። ከዚያ ፀሐይ ሳትበረታ ካርቲየ 5 ስልክ ቤት ሄጄ እደውልልሻለሁ። ከሰላምታ በፊት እልል እላለሁ፤ የስልክ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ ቢያየኝ ግድ የለኝም። አንቺ ብቻ ደንግጠሽ እንዳትዘጊብኝ።

እናትሽ