ለኋላዋ ሰፊ ጎማ

ሰኞ

መኪናዋን ሊሸጣት ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ባሌ ጌታነህ ጎማ ካልፈነዳ በቀር መኪና ጎማ እንዳለው የማያስታውስ ሰው ነው። ዛሬ እራት ላይ ድንገት «ለኋላዋ ሰፋ ያለ ጎማ ላድርግላት» አለኝ። ለፊቷስ? «የፊቱ በቅርብ የቀየርነው ነው፣ ይቆይ።» ሰው ሙሽራ የሚያስጌጠው ሊድር ሲል ነው።

መኪናዋ የተገዛችው እናቴ የሰጠችኝ ወርቅ ተሸጦ ነው። ሊብሬው ግን በእሱ ስም ነው የወጣው። ያን ጊዜ ምን አስቤ ነበር?

ማክሰኞ

ያልጣሙኝ ነገሮች፦

ሲሳይ። የጌታነህ ጓደኛ፣ የመኪና ደላላ። ይኼ ብቻውን ይበቃል።

ስልክ ሲጮህ በረንዳ መውጣት። በዚህ ዝናብ!

መኪናዋን በየቀኑ ማጠብ።

ካዛንችስ ያለው የልብስ ስፌት ቤቴ ለእሱ መንገዱ ነው፤ ከሳምንት ወዲህ ግን አያደርሰኝም። ነዳጅ የለም ይላል። ልጃችንን ማክዳንም ትምህርት ቤት በእግር ነው የሚወስዳት።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።

ነገ ጎሚስታ ጋ ይወስዳታል፤ አብሬ እሄዳለሁ። መቼም እዚህ ከተማ መኪናውን ጎሚስታ ጋ ጥሎ ሻይ የሚጠጣ የለም፣ ደህናው ወጥቶ ያለቀው ይገባል። አራቱም ጎማ ላይ በውስጥ በኩል ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁ። እስከ ክርኔ ጭቃ ሆንኩ እንጂ ማንም አላየኝም።

ረቡዕ

ባምቢስ አካባቢ ያለው ጎሚስታ ቤት። ሲሳይ ሁለት ሰፋፊ ጎማ ይዞ ቀድሞናል።

ጎሚስታው «እትዬ፣ ይቺ መኪና በአራቱም ጎማ ነው የምትጎትተው። ስፋቱ ቢለያይ ግድ የለም፤ የፊቱና የኋላው ቁመት ግን እኩል መሆን አለበት። አለዚያ ካምቢዮውን ይበላዋል» አለኝ። እኩል መሆኑን በምን አወቅክ ስለው ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አሳየኝ። «ይኼም ስልሳ አምስት፣ ያም ስልሳ አምስት።» ሲሳይ ቀበል አድርጎ «በቃ፣ አንድ ናቸው» አለ። መቸኮሉ ጎረበጠኝ።

እኔ ደግሞ በቁጥር አላምንም። ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ቀሚሶች ወገባቸው ሲለያይ ስንቴ አይቻለሁ። መኪናዋን በክሪክ አስነሳሁና ከቦርሳዬ የስፌት ሜትሬን አውጥቼ የፊቱን ጎማ ዙሪያውን ለካሁ። የሲሳይ ጎማ በሁለት ጣት በለጠ! ለካ ስልሳ አምስቱ ቁመቱ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው የሚናገረው፤ ጎማው ሲሰፋ ቁመቱም አብሮ ይጨምራል። ጎሚስታው ራሱን አከከ።

ከተነሳሁ አይቀር የኋላውን አሮጌ ጎማም ለካሁ። እሱ ደግሞ ከፊቱ በሁለት ጣት አነሰ። ቁጥራቸው አንድ፣ ግን አንዱ አዲስ፣ አንዱ ተበልቶ ያለቀ። ጌታነህ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ አዲሱን ከፊት ነው ያስገባው፣ መሪው እዚያ ነው ብሎ።

«በዝናብ የኋላዋ አልተንሸራተተባችሁም?» አለ ጎሚስታው።

የጌታነህ ፊት አመድ መሰለ።

ሐሙስ

ተናገረ።

ባለፈው ሳምንት ነው። ቁልቁለት ላይ፣ በዝናብ ፍሬን ሲይዝ የኋላዋ ሄደበት። ዞራ የመንገዱን ጠርዝ ገጭታ ቆመች። ማክዳ ከኋላ ተቀምጣለች። ይከተላቸው የነበረው አውቶብስ ክንድ ሲቀረው ነው የቆመው።

የሚያጥባት ጭረቱ እንዳይታየኝ እያሸ ሊያጠፋው ነበር። በረንዳ ወጥቶ የሚያወራው ከሲሳይ ጋር ስለ ጎማው ነበር። ነዳጅ የለም ያለኝም እንዳልሳፈር ነው። «ሰፊ ጎማ ከኋላ ይይዛታል ብዬ ነው» አለኝ። ማክዳንም «ለእማዬ እንዳትነግሪ» ብሏታል።

መጀመሪያ ጮህኩበት። ከዚያ አለቀስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ወርቄን ነበር የምጠብቀው። አፈርኩ።

ዓርብ

ሲሳይ ሌላ ጥንድ አመጣ። ከመጀመሪያው ይሰፋል፤ የተጻፈበት ግን ስልሳ ነው። አላመንኩትም፣ ለካሁት። ከፊቱ ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጠመ። «ይግባ» አልኩ፣ ከኋላ ገባ። ጎሚስታው ሲያስር ከአጠገቡ አልተነቃነቅኩም።

ሲሳይን ምሳ ጋበዝኩት። ዓይኑ ግን አሁንም አይጥመኝም።

እሑድ

ሜክሲኮ እህቴ ጋ ምሳ ተጠርተን ነበር። ዝናቡ አላባራም። ጌታነህ መኪናዋን አስነስቶ ማክዳን ጠራት፤ ከበሩ ደፍ አልንቀሳቀስም አለች።

«እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

ጎማው አዲስ ነው፣ ራሴ ነኝ የለካሁት አልኳት።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ እዚያ አልነበርሽም» አለችኝ።

ጌታነህን አየሁት። እሱም አየኝ። ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሦስታችንም በአንድ ጃንጥላ ወደ ታክሲ ተራው ሄድን። ማክዳ እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም።