ጨጓራዬን አይደለም ያመመኝ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ፣ ውዷ ባለቤቴ፤

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? አባትሽ፣ እናትሽ፣ የበደሳ ቤተሰብ ሁሉ ደህና ናቸው? ቡናው ዘንድሮ ያዘ? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ውስጤ ግን አሯል። ስደውል ስልክሽን እናትሽ ያነሱና ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ይለቁታል። ይሄን ጉዳይ በዚያ ስልክ ላውራው? ለዚህ ነው ይሄን ደብዳቤ በእህትሽ በሉባባ እጅ የላክሁት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

አንቺ እያለሽ የሆነውን ታውቂያለሽ። የቦኬ ገበያው መድኃኒተኛ በማር ለውሶ የሰጠኝ ሥር ሽንት ቤት አስሮኝ ዋለ። አክረም፣ ያ ጫት የሚጭንልኝ ለፍላፊ፣ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ክኒን አስዋጠኝ፤ ልቤ እንደ ባጃጅ ተንደቀደቀ እንጂ ሌላ የተነሳ ነገር አልነበረም። ሐኪም ጋ ሂድ ብለሽ ለመንሽኝ፣ እንቢ አልኩ፣ ልብስሽን ሸክፈሽ ሄድሽ።

ከሄድሽ በኋላ እልህ ያዘኝና ሐኪም ፍለጋ ወጣሁ። ወይ የጭሮ ከተማ! መድኃኒት ቤት ብገባ የአጎትሽ ልጅ ነው የሚሸጠው። ጤና ጣቢያ ብሄድ ካርድ የምታወጣዋ ጎረቤታችን፣ ምንህን ነው የሚያምህ ብላ ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮኸችብኝ። አንዱ ሐኪም ቀና ብሎ ሳያየኝ ቫይታሚን ጻፈልኝ። በመጨረሻ ጎበዝ ሐኪም አለ ያሉኝ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ሴት! ዶክተር ሳህሊቱ ትባላለች። እናቴን የምታክል ሴት ፊት ምን ልበል? ጨጓራዬን ነው አልኳት። የጨጓራ መድኃኒት ይዤ ወጣሁ።

በሳምንቱ ተመልሼ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ እውነቱን ነገርኳት። አልሳቀችም። ስንፈተ ወሲብ ይባላል፣ ብዙ ወንድ አለበት፣ ግን ይደብቃል አለችኝ። በነጋታው ምንም ሳልቀምስ ለደም ምርመራ እንድመጣ አዘዘችኝ። እኔም እህል ባፌ ሳላዞር፣ እንደ ልማዴ ኢጃበናዬን፣ የጠዋቷን የዓይን መግለጫ ጫት፣ ቅሜ በለስላሳ አወራርጄ ሄድኩ። ጫት ምግብ ነው እንዴ? ቁርስ በላህ ስትለኝ ወላሂ አልበላሁም አልኳት። የስኳሬን ልክ ስታይ ደነገጠች፤ ጥርሴን ስታይ ተቆጣች። በሌላ ቀን ባዶ ሆዴን ሄድኩ፤ አሁንም ስኳር። ለካ ስኳር በሽታ ኖሮብኝ ነው! መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ። እሱ ሲስተካከል፣ ልቤንም መርምራ፣ ለዚያኛው ጉዳይ ክኒን ታዝልኛለች። ጫትህን ተው አለችኝ፣ ለጫት ነጋዴ! ጭራሽ ሰኞ ሚስትህን ይዘህ ና አለችኝ። ሚስቴን ከየት ላምጣት?

ከሁሉ በላይ ያናደድሽኝ ግን አንቺ ነሽ። ሽማግሌዎቹ እነ ኦቦ አብዱላሂ በደሳ ድረስ ተመላልሰው ምን አለቻችሁ ስላቸው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሱ ምንም አላደረገኝም ትላለች አሉኝ። አባትሽም ምክንያት ከሌላት ኒካሁ ይፍረስ ብለዋል አሉ። ማን ሸፍኚልኝ አለሽ? እኔን ብለሽ አገር ሁሉ ጥጋበኛ ይበልሽ? ይሄንን አልችልም።

ትናንት ኦቦ አብዱላሂን ብቻቸውን አገኘኋቸውና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከዘራቸውን እያሻሹ፣ ሐኪሟ ሴት ናት አልክ? አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አትስቅም? አሉኝ። አትስቅም አልኳቸው። ክሊኒኩ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ለአንድ ዘመዳቸው ነው። ጠዋት ምንም ሳይበሉ፣ ሳይቅሙም ይሂዱ አልኳቸው፤ ዘመድየውን ማለቴ ነው።

ኦቦ አብዱላሂ እሁድ እናንተ ጋ ይመጣሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው እንዳትዪያቸው፤ ያውቃሉ። ናፍቀሽኛል፤ ያላንቺ ቤቱ አስጠልቶኛል። አላህ የአባትሽን ቁጣ ያብርድልን፣ ልብሽን ያራራልኝ፣ መንገድሽን ያቅናው። አሚን።

ባልሽ

እንዳልረሳው፦ ኦቦ አብዱላሂ እዚያው አድረው ሰኞ በማለዳ ይዘውሽ ይነሳሉ። ቁርስ ቢቀርብላቸው እንቢ ይላሉ። ለምን ብለሽ አትጠይቂያቸው።