ሐዘንተኛን የማይጥል ኮሌጅ፦ የወይዘሮ አርዲስ ጊሺክ ሌዱ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አርዲስ ጊሺክ ሌዱ ከአባታቸው ከአቶ ፍራንክ ጊሺክና ከእናታቸው ከወይዘሮ አጋታ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1941 በአሜሪካ፣ በሰሜን ሚኒሶታ፣ በጉጉት ሐይቅ የኦጂብዌ ነባር ሕዝብ ይዞታ ተወለዱ። የተወለዱት ቤተሰቡ የሜፕል ዛፍ ፈሳሽ እየቀዳ ስኳር በሚያፈላበት ጫካ ውስጥ ነው። በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር። እናታቸው ያንን ቀን ሲያነሱ፣ "ይቺ ልጅ ስትመጣ ማንም ዞር ብሎ ስላላየው ድስቱ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። እልኸኛነቷን ያወቅሁት ያኔ ነው" ይሉ ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው፣ እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ፣ ከቤታቸው ተወስደው ሩቅ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ በእናት ቋንቋ መናገር ያስቀጣ ነበር። ስለ ምግቡም ሆነ ስለ ዱላው ሲያወሩ የሰማቸው ሰው የለም። አንድ ነገር ግን ደጋግመው ያነሡ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አያታቸው ሞቱ፤ መርዶው የተነገራቸው አያታቸው ከተቀበሩ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። ለምን ቀድሞ እንዳልተነገራቸው ሲጠይቁ፣ ለሞተ ሰው ተብሎ ትምህርት አይቋረጥም ተባሉ። ያቺ ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ አብራቸው ኖራለች።

በ1959 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ሚኒያፖሊስ ሄዱ። ቀን የሆስፒታል ልብስ ያጥቡ ነበር፤ ማታ ይማሩ ነበር። ግንበኛው አቶ ኦርቪል ሌዱ የተዋወቋቸው እዚያው ከተማ በአንድ የጭፈራ ምሽት ሲሆን፣ ጋብቻቸውንም በ1963 ፈጸሙ። አቶ ኦርቪል ሲያጯቸው፣ "አስተማሪ ሳትሆኚ ላግባሽ፤ ከሆንሽ በኋላማ በየንግግሬ ታርሚኛለሽ" ማለታቸውን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። እንደፈሩትም ሆነ። በ1965 ሎሬንን፣ በ1968 ዳረልን ወለዱ። ወይዘሮ አርዲስ በ1971 በመምህርነት ተመረቁና ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደ ጉጉት ሐይቅ ተመለሰ።

በይዞታው ድንበር ላይ ባለችው ከተማ ማስተማር ሲጀምሩ ያስጨነቃቸው ነገር ቢኖር፣ ጎበዝ ጎበዙ ልጅ ወደ ሩቅ ኮሌጅ ሄዶ ገና ለገና በዓል ሳይደርስ ሻንጣውን ይዞ መመለሱ ነው። በ1974 የእህታቸው ልጅ ሌስተር እንዲሁ ተመለሰ። በአባቱ በኩል ያሉት አያቱ ሞተውበት መጥቶ፣ በእኛ ወግ ለሟች የሚነደውን እሳት አራት ቀን ሙሉ ሲጠብቅ ሰነበተ። ወደ ኮሌጁ ሲመለስ ፈተናው አልፎ ነበርና ጣሉት። ሌስተር ከዚያ በኋላ ደብተር የሚባል ነገር አልነካም አለ። ወይዘሮ አርዲስም፣ "አያቱን ያልቀበረ ልጅ ተምሮ ምን ሊሆን ነው? እንግዲህ ኮሌጁን ወደ ቀብሩ ማምጣት ነው" አሉ። ያኔ ቀልድ መስሎን ነበር።

በ1978 የጉጉት ሐይቅ ኮሌጅ በድሮው የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ውስጥ ተከፈተ። ሰባት ሰዎች ተመዘገቡ፤ አንዱ ተጎትቶ የመጣው ሌስተር ነው። ግድግዳው ምንም ያህል ቢታጠብ ሽታው አልለቀቀም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፊሎሜን በበሩ ባለፉ ቁጥር አፍንጫቸውን ይዘው፣ "አርዲስ፣ ዛሬ ስንት ዶክተር አጠመድሽ?" ይሏቸው ነበር። ወይዘሮ አርዲስም፣ "ትንንሾቹን መልሰን እየለቀቅን ነው። አንቺ ግን ለመረቡም ትከብጃለሽ" ብለው ይመልሱ ነበር። ሁለቱ እንዲህ ሲነካከሱ ዓመታት አለፉ።

የኮሌጁ ዋና ትምህርት በሐይቁ ላይ የሚበቅለው የዱር ሩዝ ነበር። ተማሪዎቹ በታንኳ ገብተው መሰብሰቡን፣ ማድረቁን፣ መቁላቱን፣ ከዚያም ጋር የሐይቁን ሳይንስ፣ ቋንቋውንና አባቶች ከመንግሥት ጋር የተዋዋሉትን ውል ይማሩበታል። ወይዘሮ አርዲስ ግን በሁለተኛው ዓመት ትልቅ ስሕተት ሠሩ። ከተማ የቆዩ ሰው ናቸውና፣ የመጀመሪያውን የትምህርት ቀን ገና በሜይ ቆርጠው በቀን መቁጠሪያው ላይ አሳተሙት። ሩዙ የታተመ ነገር አያነብም። በዚያ ዓመት ቀድሞ ደረሰ፤ ነፋስ መጣና ተማሪዎቹ ሳይሰበሰቡ ግማሹ ውሃ ውስጥ ረገፈ። ሩዙ መድረሱን አይተው ሐይቁ ለሰብሳቢ መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት የሐይቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ የኮሌጁ የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌዎቹ "ሐይቁ ተከፍቷል" ያሉበት ቀን ሆነ።

የኮሌጁ ከባዱ ዘመን የመጣው በ1986 ነው። ኮሌጁ ሙሉ ዕውቅና ካላገኘ ተማሪዎቹ የተማሩት ሌላ ቦታ አይቆጠርላቸውም፤ በሩም ይዘጋል። ገምጋሚዎቹ በሴፕቴምበር፣ ልክ በሩዙ ሳምንት እንደሚመጡ ተነገረ። በጁላይ ግን አቶ ኦርቪል መረብ ሲያወጡ ልባቸው ቆሞ በድንገት ዐረፉ።

በእኛ ዘንድ የሞተበት ሰው የዓመቱን አዲስ ፍሬ፣ እንጆሪም ይሁን ሩዝ፣ ሌላ ሰው እስኪያጎርሰው ድረስ አይለቅምም፣ አይቀምስምም። የሩዙን ትምህርት የሚያስተምሩት ደግሞ ወይዘሮ አርዲስ ብቻ ነበሩ። የኮሌጁ ኃላፊ አቶ ዊልፍሬድ ቢግዊንድ በግምገማው ዋዜማ ቤታቸው ድረስ መጡ።

"እትዬ አርዲስ፣ አንድ ቀን ብቻ ታንኳው ውስጥ ይቀመጡልኝ። የሩዙን ማራገፊያ በትር እንኳ አይንኩ። ኦርቪል ቢኖር 'ግቢ' ይልዎት ነበር።"

"ኦርቪል ቢኖርማ መቼ ከአንተ ጋር እከራከር ነበር!" አሉ ወይዘሮ አርዲስ። "ዊልፍሬድ፣ እነዚህን ልጆች ያመጣኋቸው 'እዚህ ወጋችሁን ተዉ አትባሉም' ብዬ ነው። እንግዳ ሲመጣ እኔው ከተውኩት፣ ነገ ምን ይዤ ፊታቸው እቆማለሁ?"

"ዕውቅናውን ቢከለክሉንስ?"

"ቤቱ እንደሆነ የዓሣ ነው። ዓሣ እናጥብበታለን።"

ልጃቸው ሎሬን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ኮሌጁ ሲዘጋ፣ እናቷ ከሥራ ሲወጡ፣ ቤቱም ሲበተን ይታያት ነበር። እናቷ ግን ጠዋት የሚታጠፍ ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ታንኳ መውጫው ሄዱ። ከመሰብሰቡ በፊት ለምስጋና የሚቀርበውን ትምባሆ ውሃው ላይ ያደረጉላቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ወይዘሮ አርዲስ ውሃው ጫማቸውን ሳይነካ ዳር ቆመው ቀኑን ሙሉ በድምፃቸው አስተማሩ።

"ሩዙን ደባብሰው እንጂ አትደብድበው! ባላጋራህ መሰለህ እንዴ? አንተ ከኋላ የቆምከው፣ ዘንጉን ግፋው እንጂ አትንጠልጠልበት!"

የተንጠለጠለው ልጅ ታንኳውን ገለበጠው። ሎሬን ጩኸቷን አቀለጠችው። ውሃው ግን ከደረቱ አላለፈም።

"ሩዝ ሰብስብ እንጂ ሥር ስደድ መቼ አልኩህ!" አሉ እናቷ።

የገምጋሚዎቹ መሪ ወይዘሮ ሀልቮርሰን፣ መምህርቷ ለምን ታንኳ ላይ እንዳልወጡ ጠየቁ። አቶ ዊልፍሬድ ደንግጠው፣ "ጉንፋን ይዟቸው ነው" አሉ።

ወይዘሮ አርዲስ ከዳር ሆነው ዞር አሉ። "ጉንፋን የለብኝም። ባሌ ሞቶብኝ ነው።" ከዚያም ወጉን በአጭሩ አስረድተው ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። ወይዘሮ ሀልቮርሰን ጻፉ፤ ምን እንደጻፉ ግን ከፊታቸው ማንበብ አልተቻለም።

በማግስቱ የመጀመሪያው ሩዝ ተቆልቶ ተቀቀለ። ተማሪዎቹ መምህራቸውን ለማጉረስ አፍረው ማንኪያውን ሲቀባበሉት፣ ወይዘሮ ፊሎሜን ሰዉን እየገፉ መጡና ቀሟቸው። የኮሌጁን ደጃፍ ሲያልፉ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

"አፍሽን ክፈቺ፣ አስተማሪ። ለመናገር ሲሆን መቼ ይቸግርሻል!"

ወይዘሮ አርዲስ ጎረሱ። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ፊት ያላፈሰሱት እንባ ያኔ ወረደ። አኝከው ሲጨርሱም፣ "ትንሽ አሯል። የቆላው ማን ነው?" አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ወይዘሮ ፊሎሜንም እያለቀሱ ሳቁ።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን። መልሱ የመጣው በበረዶው ወራት ነው፤ ዕውቅናው ለሁለት ዓመት ተላለፈ። ምክንያቱም የትምህርቱ መጀመሪያ ቀን አይታወቅም፣ የሩዙም ትምህርት በጽሑፍ አልሰፈረም የሚል ነበር። አቶ ዊልፍሬድ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ወይዘሮ አርዲስ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡትና፣ "ጻፉ ነው ያሉን። ተዉ አላሉንም" አሉ። ተማሪ ቀነሰ፣ ሁለት መምህራን ለቀቁ፣ ማሞቂያውም ተበላሽቶ በካፖርት አስተማሩ። እሳቸው ግን ሽማግሌዎቹንና ተማሪዎቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበው ጻፉ፤ ሽማግሌዎቹ እሺ ያላሉትን ቃል እየሰረዙ እንደገና ጻፉ። ሐይቁ እንዴት እንደሚከፈትና የትምህርቱ ቀን ከዚያ እንዴት እንደሚቆጠር አሰፈሩ። በመጨረሻም ዛሬም በኮሌጁ ደንብ ውስጥ ያለውን ይህን ጨመሩ፦ "የሞተበት ተማሪ እሳቱን ይጠብቃል፤ ወገኑን ይቀብራል። በሩዝ ጊዜ ውሃው ላይ አይወጣም፤ ዳር ቆሞ ይማራል፣ ያስተምራልም። ጓደኞቹ ያጎርሱታል። በዚህ ምክንያት ማንም አይወድቅም።"

በ1988 ኮሌጁ ሙሉ ዕውቅናውን አገኘ። ሌስተር ከመጀመሪያዎቹ ምሩቃን አንዱ ነው። ወይዘሮ ፊሎሜንም በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ተመዝግበው፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው መምህራቸውን እስከ ምረቃቸው ቀን ሲያበሽቁ ቆዩ። ወይዘሮ አርዲስ በ2006 በጡረታ ቢሰናበቱም፣ ሐይቁ በተከፈተ ቁጥር ወንበራቸው ታንኳ መውጫው ላይ አይታጣም ነበር። ሎሬን በበኩሏ በየዓመቱ ሕይወት አድን ጃኬት ተሸክማ ትከተላቸዋለች። "ይቺ ልጅ ታንኳው ሳይገፋ ሬሳ ትፈልጋለች" ይሏት ነበር። ጃኬቱን ግን ይለብሱላት ነበር።

በ2011 ኩላሊታቸው ታመመ። ለእጥበት በሳምንት ሦስት ቀን ሲመላለሱ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም፤ አጠገባቸው የተኛውን በሽተኛ ሁሉ ኮሌጅ እንዲመዘገብ ይወተውቱት ነበር። ባለፈው ጁላይ ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የሚደረግ እንደሌለ ነገሩን። የሎሬን ልጅ ዊሎው በዚህ መኸር ትመረቃለች፤ የቀራት የሩዙ ትምህርት ብቻ ነው። ሎሬን አልጋው አጠገብ ተቀምጣ የሆዷን ማውጣት አቃታት። እናት ግን አወቁባት።

"ሞቴ ከሩዙ ጋር ይገጥማል ብለሽ ነው የፈራሽው?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ልጅቷ ትወድቃለች ብለሽ?"

"ኮሌጁ ውስጥ አዲስ ሰዎች ገብተዋል፤ ማን ያውቃል..."

"ማንም አይጥላትም። ጽፌዋለሁ እኮ" አሉና መስኮቱ እንዲከፈትላቸው ጠየቁ።

ወይዘሮ አርዲስ ጊሺክ ሌዱ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ኦገስት 21 ቀን 2014 ማለዳ፣ በቤታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

የሐይቁ ሽማግሌዎች ሐይቁ በመጪው ሰኞ እንደሚከፈት አሳውቀዋል። ዊሎው ታንኳ ላይ አትወጣም። አያቷ በቆሙበት ዳር፣ በዚያው ወንበር አጠገብ ቆማ አዲስ ገቢዎቹን ታስተምራለች፤ ኮሌጁም ይህ ትምህርቷ ሆኖ እንደሚያዝላት ትናንት አረጋግጦልናል። የክፍል ጓደኞቿ የመጀመሪያውን ሩዝ ለቤተሰቡ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውናል። ሎሬን ነፋስ ቢነሣስ፣ ሩዙ ቢረግፍስ፣ ብትረሱንስ ብላ ብትጠይቃቸው፣ "እትዬ ሎሬን፣ እርስዎ አፍዎን ብቻ ያዘጋጁ" አሏት።

ወይዘሮ አርዲስ የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ፤ በአንድም በሌላም መንገድ ልጃቸው የሆነውን የዚህን ኮሌጅ ተማሪ ግን መቁጠር አይቻልም። የእህታቸው ልጅ ሌስተር ዛሬ በኮሌጁ የሐይቅ ትምህርት መምህር ነው። እነዚህን አራት ቀናት የሰኞውን ትምህርት ዝግጅት ትቶ የአክስቱን እሳት ሲጠብቅ ሰንብቷል። የት ነበርክ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ፈጣሪ ሙታን በሚሄዱበት በምዕራቡ መንገድ እየመራ በሰላም ያሻግራቸው። ቀድመው የሄዱት አቶ ኦርቪል በወዲያኛው ዳር ቆመው ይጠብቋቸው፤ የመጀመሪያውንም ማንኪያ እሳቸው ያጉርሷቸው። ለቀረነውም አፋችንን ከፍተን መጽናናቱን የምንቀበልበትን ልብ ይስጠን።