መክሊት እዚህ ትኖራለች

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ኪዳን አድርሼ ተመለስኩ። ገብሱን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ መክሊት መጣች። የጓሮውን ክፍል የተከራየችኝ፣ ኮሌጅ የምትማረው የእብናት ልጅ።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ለምርጫ ልመዘገብ ሄጄ መለሱኝ። መታወቂያሽ የእብናት ነው፣ አገርሽ ሂጂ አሉኝ።»

«ሂጃ ታዲያ።»

«ፈተና ላይ ነኝ እኮ! ምዝገባውም ዓርብ ያበቃል። እዚህ መኖሬን የሚመሰክር የሰፈር ሰው ካለ ይሆናል ተብሏል... ይመስክሩልኝ።»

እሺ አልኳት። ምን አለበት?

መጋቢት 15

አለበት ለካ። የማኅበር ጓደኛዬ ባምላኩ ነው የነገረኝ። «መስቀል አስይዘው ያስምሉሃል። በዚህ በሁዳዴ!»

ዕድሜዬን ሙሉ ምዬ አላውቅም። ሚስቴ ማሬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይሄ ሰውዬ በእኔ ስም እንኳ አይምልም» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ለመክሊት አልችልም አልኳት። ወደ ክፍሏ ገባች። የፈራሁት መሐላውን ነው... ወይስ ጣጣውን?

መጋቢት 16

ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ፋሲል ነገርኳቸው።

«ልጅቱ ቤትህ ትኖር የለም?»

«ትኖራለች።»

«ታዲያ እውነት ለመናገር ፈቃድ ፍለጋ ነው የመጣኸው?»

አፈርኩ።

መጋቢት 17

ከመክሊት ጋር ወደ ምዝገባው ጣቢያ ሄድን። መዝጋቢው ቀና እንኳ ሳይል «ተማሪ ወደመጣበት» አለ።

«መመሪያው እንደዚያ ይላል?»

«ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው።»

«ሁሉምን አልጠየቅሁም። መመሪያውን አንብብልኝ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። መክሊት «ይተዉት ጋሼ» ብላ ጎተተችኝ። አልተውም! ድምፄን ሰምታ ኃላፊዋ ወጣች። አነበበችው። ይቻላል።

«እርስዎ ቤት ትኖራለች?»

«ትኖራለች።»

«እዚህ ይፈርሙ።»

ፈረምኩ። አለቀ። መስቀሉስ? መሐላውስ? የት አለ!

መክሊት ካርዷን እያገላበጠች እስከ ቤት አየችው።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

የመጨረሻው ቀን። ማለዳ ሦስት የመክሊት ጓደኞች መጡ። ለእኛም ይመስክሩልን አሉ። የት እንደምትኖሩ ሳላውቅ አልመሰክርም አልኳቸው። ከፋቸው።

«አከራያችን በጾም ያስምላሉ ብለው እምቢ አሉን» አለች አንዷ።

«ማነው አከራያችሁ?»

«ጋሽ ባምላኩ።»

ልጆቹን አስከትዬ በሩን ደበደብኩ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«ማንም አላስማለኝም። ልበስና ውጣ።»

«ሥራ አለኝ።»

«እጠብቃለሁ።»

ቆይቶ ከውስጥ «ጋቢዬ ጠፋብኝ» አለ። የለበስኩትን አውልቄ በመስኮት አቀበልኩት።

ሦስቱም ተመዘገቡ። ጋቢዬን እስካሁን አልመለሰልኝም።