እንፍራንዝ ሄደን ስለሰማነው ማኅሌት ለ«ጠፈር ዕይታ» የቀረበ ምስጋና

ለጠፈር ዕይታ የሳተላይት ቴሌቪዥን አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ አንድ ሪሲቨርና በሆዱ ውስጥ ስለነበረው ድምፅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤተ ሰብዎስ፣ በሰማይ ላይ የምትዞረው ሳተላይትዎስ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በጎንደር ከተማ አዘዞ ነዋሪ የሆንኩ የትነበርሽ አዳነ የምባል ደንበኛዎ፣ ለእርስዎም ለሠራተኞችዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። የምኞቴን እውነተኛነት አይጠራጠሩ፤ የድርጅትዎን ስልክ ደውሎ መልስ ለሚጠብቅ ሰው ረጅም ዕድሜ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው አሳምሬ አውቃለሁና።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ክብርዎን ለመንካት አይደለም። በስልክ ስመጣ ሙዚቃ፣ በእግር ስመጣ ወረፋ እየተቀበለኝ ስለመለሰኝ፣ ወደ እርስዎ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ባጣ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ባለቤቴ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም በደብራችን የድጓ መምህር ነበሩ። ድምፃቸውን ማንም በስልክ እንዲቀዳ አይፈቅዱም ነበር፤ «የቀዳ ተማሪ አይማርም» ስለሚሉ ተማሪዎቻቸው ስልካቸውን ከደጅ አስቀምጠው ነበር ጉባኤ የሚገቡት። አንድ ዓመት ግን የደብራችን ክብረ በዓል በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። እኔ እግሬን አሞኝ ቤት ቀርቼ ነበርና፣ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ማኅሌቱን ሲመሩ ባየሁ ጊዜ በሪሞቱ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ተጫንኩ። የእናንተ ሪሲቨር ፍላሽ የማይቀበል፣ የቀዳውን በራሱ ሆድ ብቻ የሚይዝ ዕቃ ነውና እዚያው አስቀረው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ብነግራቸው «ሰረቅሽኝ በይኛ» ብለው ሳቁ።

በተከታዩ ክረምት ታመው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። የቴሌቪዥን ጣቢያውን ብጠይቅ የዚያን በዓል ቅጂ አላስቀረንም አሉኝ። ስለዚህ እኔ እስካውቀው ድረስ በዚህ ምድር ላይ የባለቤቴ ድምፅ የሚገኘው በእናንተ ሪሲቨር ውስጥ ብቻ ሆነ።

አባታቸው አያ በላቸው የሚኖሩት ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው። በቧሂት በኩል ያለው መንገድ በናዳ ተቆርጦ ስለነበር ለቀብር አልደረሱም፤ መርዶውንም የሰሙት ልጃቸው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። ልጃቸውን ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰጥተውት ከቤት ወጣ። አድጎ ለጥየቃ ሲመጣም ስለ አዝመራና ስለ ከብት ያወራቸዋል እንጂ፣ ቆሞ ማኅሌት ሲመራ አንድ ቀን ሰምተውት አያውቁም። አዝመራው ተሰብስቦ ለተዝካሩ እንደሚመጡ ሲልኩብኝ ታዲያ፣ መቅዳቴን ሰምተው ኖሮ፣ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። «ያን የቀዳሽውን ታሰሚኝ እንደሁ» አሉ። እኔም አሰማዎታለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ። ቃሉን የሰጠሁት በእናንተ ዕቃ ተማምኜ መሆኑን በትሕትና እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ። የሪሲቨራችሁ አመል የቆየ ቢሆንም መሪጌታ ካረፉ ወዲህ ባሰበት። አመሻሽ ላይ ማንም ሳይነካው በራሱ ይበራል፤ ቴሌቪዥኑን አስነሥቶ ክፍሉን በሰማያዊ ብርሃን ይሞላዋል፤ «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ ያወጣል፤ ከዚያም ልክ እንደበራው በራሱ ይጠፋል። የቀዳሁትን ልክፈት ብል እሺ አይለኝም። የመሪጌታ ወንበር ፊት ለፊቱ ነውና፣ ብርሃኑ ባዶው ወንበር ላይ ሲያርፍ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል፤ ማዕድ ቤት ሆኜ ይህን ሳይ በራሴ ቤት እንደ እንግዳ ደጃፉ ላይ እቆም ነበር። ሠራተኞችዎ በስልክ ሶኬቱን ነቅዬ እስከ ዐሥር ቆጥሬ እንድሰካው መከሩኝ፤ ቆጠርኩ። ደግሜ ብደውል ደግሜ እንድቆጥር መከሩኝ፤ ቆጠርኩ። በመጨረሻ «እናታችን፣ ደመናው ነው» ተባልኩ። ወሩ ጥር ነበር። በጥር የጎንደር ሰማይ ላይ ለእኛ ለነዋሪዎቹ የማይታይ ደመና መኖሩን ያስተማረኝ ድርጅትዎ ነውና ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሁለተኛ። ሌላ ጊዜ ስደውል ያነሣችው ልጅ፣ ውሉ በመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ስም ስለሆነ እሳቸውን እንዳገናኛት ጠየቀችኝ። ማረፋቸውን ነገርኳት። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ «ነፍስ ይማር» አለችኝ። ቀጥላም «እንግዲያው እሳቸው ሲመለሱ ይደውሉልን» አለች። ክቡር ሆይ፣ በለቅሶዬ ሰሞን ስለ ትንሣኤ ሙታን ብዙ ሊቃውንት አጽናንተውኛል፤ ነገር ግን ባለቤቴ ተመልሰው ስልክ እንደሚደውሉ እንደዚህች ልጅ ያለ ጥርጥር የነገረኝ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ በጮኸ ቁጥር አንሥቼ ከሌላው ወገን ድምፅ እስኪመጣ ድረስ እኔ አልናገርም። ለዚህ ተስፋ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም።

ሦስተኛ። ሪሲቨሩ ተጠግኖ ከነቀዳው እንደሚመለስልኝ በስልክ ከተነገረኝ በኋላ አንድ ባለሙያችሁ መጣ። ስሙን አልጽፍም፤ እንዳትሸልሙት እፈራለሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን የመሪጌታን ፎቶግራፍ አይቶ ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያም አሮጌውን ነቅሎ በምትኩ ሌላ አስቀመጠ።

«የወሰድከውን ትመልሰዋለህ?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ እኔ የማስረክበው ለጥገና ክፍል ነው» አለኝ።

የጥገና ክፍሉን ደጋግሜ ብጠይቅ፣ ዕቃው የድርጅቱ ንብረት እንደሆነና ውስጡ የነበረውም ሁሉ እንደተጠረገ ነገሩኝ። ባለቤቴን ከገነዙት ካህናት ይልቅ አጭር ቃል የተጠቀሙ እነሱ ናቸው፤ ጊዜዬን ስለቆጠቡልኝ አመሰግናለሁ።

በዚሁ መካከል አያ በላቸው መጡ። ተዝካሩ ወጣ፣ እንግዳውም ተበተነ። እሳቸው ግን አልሄዱም። ነገሩን እንዴት እንደምነግራቸው ስጨነቅ፣ አዲሱ ሪሲቨር ደግሞ የአሮጌውን አመል ወርሶ አመሻሽ ላይ በራ።

«ጽሑፉ ምን ይላል?» አሉኝ፤ ፊደል አልቆጠሩም።

«ምልክት የለም ይላል።»

በድጓ መምህር ቤት ምልክት ማለት ከፊደሉ ራስ ላይ የሚጻፍ፣ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ የሚያሳይ የዜማ ጽሑፍ ነው። አያ በላቸውም ይህን ለተዝካሩ ከመጡት የልጃቸው ተማሪዎች ሰምተዋልና፣ «ምነው፣ የልጄን ምልክት ማን ወሰደው?» አሉ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላም ብርሃኑ በበራ ቁጥር ጋቢያቸውን አስተካክለው ፊቱ ይቀመጡ ጀመር። «አያ፣ ይተዉት፤ ምንም የለበትም» ብላቸው፣ «የበራ ቤት ጥሎ አይኬድም» አሉኝ። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከአንድ አባት ጋር ባዶ መስኮት ፊት ተቀምጦ አንድ ሰው መጠበቅ ምን እንደሚመስል ማወቅ ከፈለጉ፣ ድርጅትዎ አገልግሎቱን በየቤቱ ያቀርባል።

አራተኛ። ከዕለታት አንድ ቀን ያ ስሙን የማልጽፈው ባለሙያ ደወለልኝ። ማንነቱን ለማጣራት ካሰቡ የደንበኞች አገልግሎትዎን ይጠይቁ፤ ያኔ መቼም እንደማይታወቅ እርግጠኛ ነኝ። «እትዬ፣ መሪጌታ እንፍራንዝ ናቸው» አለኝ።

ተጠርጓል የተባለው ሪሲቨር አልተጠረገም ኖሯል። ሽፋኑ ተወልውሎ፣ አዲስ ነው ተብሎ፣ እንፍራንዝ ለምትኖር ባንቺአየሁ ለምትባል ሴት ተሰጥቷል። በእሷ ቤት መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሪሲቨሩ በራሱ ይነሣና ማኅሌቱን ይጀምራል፤ ጣቢያ ቢቀይሩት አይቀየርም። ባሏ አስናቀው ቤቱ የተሠራው በመቃብር ላይ እንዳይሆን ፈርቶ ሽማግሌዎች ጠየቀ። ቄስ ጠርተውም ጠበል አስረጩ። ቄሱ ረጭተው ሲያበቁ መብራት መጣ፤ ዜማው ተጀመረ፤ እሳቸውም ቁጭ ብለው ከሰሙ በኋላ «ይህስ የሚባረር አይደለም» ብለው ሄዱ። ባንቺአየሁ በመጨረሻ ለእናንተ ደውላ፣ የማታውቃቸው መሪጌታ ቤቷ እየገቡ እንደሚዘምሩ አመለከተች። ባለሙያው ለዚሁ ተልኮ ሄዶ ነው ያን ፎቶግራፍ ያስታወሰው።

በማግስቱ አያ በላቸውን ይዤ በሚኒባስ እንፍራንዝ ወረድኩ። ባንቺአየሁ ከደጅ ተቀበለችን። «እትዬ፣ መጀመሪያ ፈርተን ነበር፤ አሁን ለምደናቸዋል። ጠዋት ስነሣ እንደምን አደሩ እላቸዋለሁ» አለችኝ። እኔ ለባለቤቴ እንዲህ ካልኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ እያሰብኩ ተከትያት ገባሁ።

መብራት አልነበረም። ተቀምጠን ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ሪሲቨሩ በራ፤ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቴሌቪዥን ውስጥ ቆሙ።

አያ በላቸው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። እኔ ስልኬን ላወጣ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ብሰድ እጄን ያዙኝ። «ተይ፣ ማኅሌት ተቆሟል» አሉኝ። ተውኩት። ፊታቸው አይለወጥም ነበር፤ ድምፁን አላወቁትም፤ የማያውቁትን ሊቅ በአክብሮት እንደሚሰማ ሰው ቆመው ነበር የሚሰሙት። በዜማው መካከል መሪጌታ ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም ሲሉ አንድ ጊዜ አሳላቸው። ያን ጊዜ አያ በላቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እሱ ነው» አሉ። «ብርድ ሲመታው እንዲህ ነበር የሚስል። ትንሽ ልጅ ሳለ።»

ዜማው ሳያልቅ መብራት ሄደ። በኋላ ባንቺአየሁ «ቅዳሜ የሚያውቅ ሰው አምጡና በወግ ይቀዳ፤ እኔ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም» ብላ ቃል ሰጠችን፤ እኛም መርቀናት ተመለስን።

አምስተኛ፤ ይህኛው ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ነው። ከቅዳሜ በፊት በድርጅትዎ ዘንድ ያልተለመደ ነገር ሆነ፤ የአንዲት ደንበኛ ቅሬታ ቶሎ ተፈታ። በባንቺአየሁ ስልክ «ውድ ደንበኛችን፣ ችግርዎ ከርቀት ተስተካክሏል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ገባ። ማንም ቤቷ አልመጣም፤ ማንም ዕቃውን አልነካም፤ እሷም የምትከለክለው ሰው አላገኘችም። ደውላ ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር። «እትዬ፣ መብራቱ መጣ፤ እሳቸው ግን አልመጡም» አለችኝ።

አያ በላቸው አልተቆጡም። መኪናው ወደ ደባርቅ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ እጄን ይዘው፣ «እኔስ ሸጋ አድርጌ ሰምቻለሁ። አንቺ ግን ከዚያ ቤት ብቻሽን አትቀመጪ» ብለውኝ ሄዱ። የእኔንም ሪሲቨር ከርቀት እንዳስተካከላችሁት ሳልገልጽ ባልፍ ምስጋና ቢስ እባላለሁ። አሁን በራሱ አይበራም። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ በሰማይም ደመና የለም። አመሻሽ ላይ ክፍሉ ሌሎቹን ክፍሎች መስሎ ይጨልማል። ይህን ምን ያህል ጊዜ ለምኜ እንዳገኘሁት ሳስብ ሰው የሚለምነውን አያውቅም እላለሁ።

ካሳ አልጠይቅም። የምለምነው፣ ሪሲቨር ከሰው ቤት ወደ ጥገና ክፍላችሁ ሲመለስ፣ ከመጥረጋችሁ በፊት አንድ ሰው ወንበር ስቦ ተቀምጦ በውስጡ ማን እንዳለ እንዲያይ ብቻ ነው።

በደጋና በቆላ፣ በጣራና በማማ ላይ በተተከሉት የብረት ሰሐኖችዎ ሰማይን ከምድር ላስታረቀው፣ የራቀውን አቅርቦ የቀረበውን ላራቀው ታላቅ ድርጅትዎ ያለኝን አክብሮት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣ ለሚያነሡት ስልክ ጆሮ፣ ለሚሰጡት ቃል ጉልበት እንዲሰጥዎ በመጸለይ፣

የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ባለቤት
የትነበርሽ አዳነ
ጎንደር፣ አዘዞ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ለጨዋ ወግ አስቀድሜ ላሳውቃችሁ ብዬ ደወልኩ። ከሙዚቃው በፊት የምትናገረውን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ ሰማኋት፤ «ጥሪዎ ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ይቀዳል» ትላለች። ባለቤቴ በሕይወት ሳሉ ሥዕሉ በተቆራረጠ ቁጥር የሚደውሉላችሁ እሳቸው ነበሩ፤ ወረፋቸውን ሲጠብቁም የሙዚቃችሁን ዜማ ከሥር ከሥር ያንጎራጉሩ ነበር። እንግዲህ ተማሪዎቻቸውን የከለከሉትን ለእናንተ ሳያውቁ ፈቅደዋል ማለት ነው። ለዚያ ቅሬታ መልስ አንጠይቅም፤ ጊዜው አልፏል። የተቀዳውን ቅሬታ ራሱን ስጡን። ከእናንተ ወገን ማንም ስላልሰማው፣ እስከ ዛሬ ሳይነካ እንደተቀመጠ አምናለሁ።